ሃምሳ አለቃ ሺበሺ እና ሠላሳ ስምንተኛው ስም

ኦቦ ቶሎሳ ሲደውሉልኝ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ገና ከአልጋ አልወረድኩም።

«ትዕግሥት፣ ሃምሳ አለቃ ዛሬ ስም አልጠሩም» አሉኝ።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኩም። ስልኩን ዘግቼ ጥቁር ልብስ ፍለጋ ሻንጣዬን መበርበር ጀመርኩ።

ለማያውቃቸው ሰው ይህ ወሬ አይባልም። አንድ የጥበቃ ኃላፊ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይደንቃል? እኔ ግን በሰበታው ክር ፋብሪካ በሰዓት ተቆጣጣሪነት በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ሃምሳ አለቃ ሺበሺ አንድም ማለዳ ስም ሳይጠሩ ሲቀሩ አላየሁም። በፋሲካም ጠርተዋል፤ መንገድ ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ቤቱ በዋለበት ቀንም ጠርተዋል፤ ወባ እያንቀጠቀጣቸው ሁለት ሰው ደግፏቸው ቆመውም ጠርተዋል። የዚያን ቀን ሰባቱ ጥበቃዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ሃያ ደቂቃ ጠበቋቸው። በመጨረሻ ኦቦ ቶሎሳ፣ ምክትላቸው ናቸው፣ ከፋብሪካው ጀርባ ሃምሳ አለቃ ወደተከራዩአት ክፍል ሄዱ። በሩ አልተቆለፈም። ሃምሳ አለቃ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኦቦ ቶሎሳ ሁለት ጊዜ ጠሯቸው። መልስ ሲያጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

ፋብሪካው ውስጥ ሃምሳ አለቃን የማያውቅ አልነበረም። የሚያውቃቸውም በሳቅ ነው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ፤ የሚያስቁትም ራሳቸው ሳይስቁ ነው። ቀልዳቸው ሁሉ በጦር ሠራዊት ውስጥ አብረዋቸው በነበሩ ሰዎች ማዕረግና ስም ላይ ነው። መጀመሪያ ከራሳቸው ይጀምራሉ።

«መንግሥት ሃምሳ ሰው ሰጠኝ። እናቴ ግን ሺበሺ ብላኝ ነበር። የጎደለውን ከማን ልጠይቅ?» ይላሉ።

ከዚያ መቶ አለቃ ማንያዘዋል ይመጣሉ። አዲስ የተሾመ ኮሎኔል ሰልፉን እየጎበኘ እፊታቸው ሲደርስ «ስምህ ማነው?» ይላቸዋል። «መቶ አለቃ ማንያዘዋል!» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። ኮሎኔሉ ቱግ ብሎ «እኔ አዝሃለሁ!»። ይህን ሃምሳ አለቃ ሲያወሩት መቶ ጊዜ ሰምቼ መቶ ጊዜ ስቄያለሁ። ምክትል አስር አለቃ በላይ አለ፤ ከሱ በታች ተራ ወታደር ብቻ እያለ ስሙ በላይ። ሻለቃ ሰላሙ አሉ፤ እሳቸው እስካዘዙን ድረስ ጦርነት አያልቅም ይባል ነበር። አስር አለቃ ኩማ ሲባል ደግሞ ከሁሉ የሚስቁት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ኩማ በኦሮምኛ ሺ ማለት ነዋ። «ዐሥር ሰው እያዘዘ ሺ!» ብለው ጉልበታቸውን ይመታሉ።

የሁሉም ቁንጮ ግን ወታደር ሻምበል ጉታ ነበር። የሰበታ አካባቢ ልጅ ነው፤ ተራ ወታደር ሆኖ ስሙ ሻምበል። አንድ ቀን ጓደኞቹ ርቧቸው በስልክ ወደ ስንቅ ክፍል እንዲደውል ገፋፉት። «ማን ልበል?» ይላል ስንቅ ያዡ። «ሻምበል!» ይላል ልጁ ሳይዋሽ። ስንቅ ያዡ ተንቀጥቅጦ አንድ ጆንያ ኮቾሮ፣ ያን ጥርስ የሚሰብር የወታደር ብስኩት፣ በመኪና ላከላቸው። ሻምበል ድምፁ እንደ ሴት ልጅ የቀጠነ ነበር። ስንቅ ያዡ ኋላ ሲጠየቅ «ጉንፋን የያዛቸው መስሎኝ ነው» አለ አሉ።

እኔንም አልማሩኝም። ቁጡ መሆኔን ባዩ በሳምንቱ «አስር አለቃ ትዕግሥት» ብለው ሾሙኝ። «ትዕግሥት የሌላት ትዕግሥት፤ እኛ ጋ ብትሆኚ የት በደረስሽ» ይሉኛል። እንዲህ የሚያሾፍብኝን ሌላ ሰው አልታገስም ነበር። እሳቸውን ግን እንደ አባት እወዳቸው ነበር፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ።

ስም አጠራራቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀየር ማሽኑ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ከተፍኪ ሜዳ የሚመጣው ጉም የፋብሪካውን ግንብ ተሻግሮ እስከ በሩ ይደርሳል። ሰባቱ ጥበቃዎች ይሰለፋሉ። ሃምሳ አለቃ ቀይ ልባስ ያለውን ደብተር ገልጠው የሰባቱን ስም ይጠራሉ፤ ሰባቱም አቤት ይላሉ። እዚህ ላይ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ደብተሩን ይዘጋል። እሳቸው ገጹን ይገልጣሉ።

«መቶ አለቃ ማንያዘዋል!»

ይጠብቃሉ። ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

«ምክትል አስር አለቃ በላይ!»

ሦስት ትንፋሽ።

እነዚያው ሲያስቁን የዋሉ ስሞች ናቸው። ሠላሳ ስምንት ናቸው። ማለዳ ላይ ግን የሚስቅ የለም። ጥበቃዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ማንም ቁም ሳይላቸው። የመጨረሻው ስም ወታደር ሻምበል ጉታ ነው። እሱን ከጠሩ በኋላ አንገታቸውን ወደ ግንቡ ዘንበል አድርገው ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያዳምጣሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና «ይበቃል» ብለው ያሰናብታሉ። አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ የጥበቃ ፈረቃ ለምን እንደሚጓተት ጠይቆኝ ነበር። ሰዓቱን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፣ ምንም አልተጓተተም ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት።

እኔ መናፍስት፣ ጠንቋይ፣ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። ግን እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር አለ፤ ማለዳ ስምሽ ሲጠራ ብትሰሚ ጠሪውን በዓይንሽ ሳታዪ አቤት አትበዪ ትለኝ ነበር። ለዚህ ይሆናል የሰይፉ ነገር ከአእምሮዬ ያልወጣው። ሰይፉ አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ ነበር፣ ፌዘኛ። አንድ ማለዳ ሃምሳ አለቃ «አስር አለቃ ኩማ!» ሲሉ ከሰልፉ መሀል «አቤት!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሁለቱ ፈገግ አሉ።

ሃምሳ አለቃ አልተቆጡም። ደብተሩን በጣታቸው ይዘው ወደሱ ሄዱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የቆምክበት ቦታ ሰው አለበት። እስቲ ትንሽ ጠጋ በልለት» አሉት።

ሰይፉ እየሳቀ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተራመደ። በእሱና በኦቦ ቶሎሳ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ሆነ። በማግሥቱም፣ በሰልስቱም ያ ቦታ እንደተከፈተ ነው፤ ማንም ሊሞላው አልደፈረም። ሰይፉ ወር ሳይሞላው ለቀቀ። የመልቀቂያ ፎርሙን ለማስፈረም ቢሮዬ ሲመጣ ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ቡራዩ አንድ መጋዘን አገኘሁ፤ እዚያ ስም የሚጠራ የለም» አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ በሩን አየና፣ «ከጎኔ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል እኮ፣ ትዕግሥት። ሳል ሳል ይለዋል» አለ።

እስኪ ይህን ምን ይሉታል? ብርድ መትቶሃል ብዬ ፈርሜ ሸኘሁት።

ስለ አዴ ሎሚ እዚህ ላይ ልናገር። አዴ ሎሚ ወደ ተፍኪ መውጫ ያሉ ባለ አገር ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ጥርሳቸው ሙሉ። በየማለዳው ወተት በአህያ ጭነው ከፋብሪካው ፊት ለፊት ላሉት ሻይ ቤቶች ያመጣሉ። መንገዳቸው በግንቡ ሥር ነው። ቢሮዬ በሩ አጠገብ ስለሆነ ሲያልፉ ሁሌም በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «አካም ቡልቴ፣ ትዕግሥት? ሰዓት ስንት ሆነ?» ይሉኛል። አሥራ ሁለት ሊሆን ዐሥር ጉዳይ ነው፣ አምስት ጉዳይ ነው እላቸዋለሁ። ይመርቁኝና ይሄዳሉ። ወተት ሻጭ ሰዓት ለምን ያስጨንቀዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ሐምሌ መግቢያ ላይ ጭቃ አንሸራቷቸው እግራቸው ተሰበረ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ከቤት አልወጡም። ሠራተኛው ሁሉ ባዶ ሻይ ሲጠጣ ከረመ።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን በጣም ማልጄ ደረስኩ። ዝናቡ ስላስቸገረኝ ጥበቃ ቤት ገባሁ። ሃምሳ አለቃ ብቻቸውን ተቀምጠው ደብተሩን ገልጠው ነበር። አንገቴን አስግጌ አየሁት። በማዕረግና በስም ተደርድረው ሠላሳ ሰባቱ ፊት ለፊት «ተሰዋ» ይላል። አንዱ ላይ ብቻ፣ ሻምበል ጉታ ላይ፣ «አለ» ይላል።

ሲያስቁኝ የኖሩት በሞቱ ሰዎች መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። እሳቸውም ማየቴን ስላዩ አልደበቁኝም።

«ያወራሁልሽ ውሸት አይደለም። ሁሉም የሆነ ነው» አሉኝ። «ሰው በስማቸው ሲስቅ ስማቸው ይጠራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሻምበልስ? እሱ ተረፈ?»

ደብተሩን ዘጉት።

«የኛ ክፍል ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ሕጉ ቀላል ነው። ስም ትጠሪያለሽ፤ ሦስት ትንፋሽ ትጠብቂያለሽ። አቤት ካለ ‹አለ› ብለሽ ትጽፊያለሽ። በብዕር የተጻፈ አይሰረዝም። በመጨረሻው ማለዳ እንደዚህ ጉም ነበር። ሦስት ቀን ስንዋጋ ከርመን ያለነውን ለማወቅ ስም ጠራሁ። ማንያዘዋል ዝም። በላይ ዝም። ኩማ ዝም። ሻምበል ጉታ ስል ግን ከወደ ምሽጉ አቤት አለ። በዚያች በቀጭኗ ድምፁ። ‹አለ› ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ።»

«እሺ?»

«እጁን ስይዘው እንጨት ሆኗል፣ ልጄ። የሞተው ሌሊቱን ነው። እኔ ስጠራው ብዙ ሰዓት አልፎታል።»

ሌላ ሰው ይሆናል የመለሰው አልኳቸው። ሌላ ሰው በሕይወት አልነበረም አሉኝ። ወዲያው እሳቸውም ቆስለው ሆስፒታል ገቡ፤ ሲወጡ ክፍሉ ተበትኗል፣ ዋናው መዝገብ ወደ ጦር መምሪያው ሄዷል፣ «አለ» እንደተባለ። ለሠላሳ ሰባቱ ቤተሰብ መርዶ ደርሷል። የሻምበል እናት ግን በሄዱበት ቢሮ ሁሉ የሚነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጅዎ በመዝገብ አለ»።

«አለ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አንቺ በተቀጠርሽበት ዓመት ሰበታ የመጣሁት ለጥበቃ ሥራ እንዳይመስልሽ። ለእናቱ መርዶ ልነግር ነው የመጣሁት። ከዚህ ሩቅ አይደሉም፤ መልካቸውን ግን አላውቅም። ድፍረት እስካገኝ እዚህ ተቀጠርኩ፤ በኋላ በነጋታው ሽማግሌ ይዤ ልሄድ ወስኜ፣ ለመሰናበት ያህል በዚህ በር ላይ ስሙን ጠራሁት። መለሰልኝ። ከግንቡ ወዲያ። ይኸው እስከ ዛሬ ይመልሳል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ተዉ እንጂ!»

«ሰዓቱ ደርሷል። ማሽኑ ሲቆም ጆሮሽን ስጪ።»

ወጡ። ዝናቡ አባርቶ ካፊያ ብቻ ቀርቷል። ሰባቱን ጠሩ። ገጹን ገለጡ። እኔ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሁሉንም አዳመጥኩ፤ በእያንዳንዱ ስም መካከል ያለው ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ነው የገባኝ። «ወታደር ሻምበል ጉታ!» አሉ።

አቤት አለ።

ቀጭን፣ የራቀ፣ ላልጠበቀው የማይሰማ፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ከግንቡ ወዲያ። ቁጣዬ ነው ያዳነኝ፤ የሚቀልድብን ማነው ብዬ በሩን ወጥቼ እየሮጥኩ ግንቡን ዞርኩ። ሰው የለም። መንገዱ ዝናብ ያለሰለሰው ጭቃ ነው፤ የራሴ እግር ብቻ ነው የታተመበት። ቆሜ ዱካዬን አየሁትና ቀስ ብዬ ተመለስኩ። የገደል ማሚቶ ነው፣ ግንቡ ነው ድምፅ የሚመልሰው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግንቡ ሠላሳ ሰባቱን ትቶ አንዱን ብቻ ለምን ይመልሳል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይመጣ እየፀለይኩ።

«ይንገሯቸው» አልኳቸው በኋላ፣ እያለቀስኩ ነበር። «ሴትዮዋ ለልጃቸው ሳያለቅሱ ሊሞቱ ነው። ኃጢአት ነው!»

«የሚመልስን ሰው ሞተ ብዬ?» አሉኝ። «ነግሬያቸው መልሱ ቢቀርስ? ያኔ የገደልኩት እኔ ነኝ። ዝም ያለ ቀን እነግራቸዋለሁ።»

ዝም ያለው እሱ አልነበረም። እሳቸው ቀደሙ፤ ኅዳር ላይ።

የቀበርናቸው ሱሉልታ ነው፣ እህታቸው እዚያ ስላሉ። ነፋሱ ጥላ ይገለብጥ ነበር። ሰው ብዙ አልነበረም፤ ሦስት ጥበቃዎች፣ እኔ፣ ጥቂት ጎረቤት። እህታቸው «የሰው ስም ሲጠራ ኖሮ የሱን ስም የሚጠራ ልጅ አላስቀረም» እያሉ ሲያለቅሱ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ስንመለስ ኦቦ ቶሎሳ ደብተሩን ከኮታቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። «እኔ ቤት አይደር። አንቺ ያዥው» አሉኝ። ቤቴ ወስጄ ከልብሶቼ ሥር ደበቅኩት። የሻምበልን እናት አፈላልጌ የማገኘው እኔ መሆኔን አወቅኩ፤ ከኔ በቀር ነገሩን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው የለም። የት ብዬ እንደምጀምር ግን አላወቅኩም።

መጀመር አላስፈለገኝም። ሃምሳ አለቃ በሞቱ በአራተኛው ቀን ማለዳ አዴ ሎሚ በመስኮቴ ጎንበስ አሉ። በዱላ ነው የሚሄዱት፤ ከእግራቸው ስብራት ወዲህ። ሰዓት አልጠየቁኝም።

«እኚያ ሰውዬ ታመሙ እንዴ፣ ትዕግሥት?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ስም የሚጠሩት። አራት ቀን ሆነ። የልጄን ስም አልጠሩትም።»

የማንን ስም ብዬ ጠየቅኩ፤ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«የሻምበልን። የኔን ሻምበል።» ዱላቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉ። «አባቱ ነው ሻምበል ያለው፤ ማንም እንዳያዘው ብሎ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አህያዋን ለቅቄ ነው የቆምኩት። በማለዳ፣ በጉም ውስጥ፣ የልጄ ስም! ወታደር ሻምበል ጉታ! የሚመልስ የለም። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሩቅ አገር ነው፣ አይሰማም። ስሙ ተጠርቶ አቤት የሚልለት ከጠፋ ቀረ ብለው ይሰርዙታል ብዬ፣ እኔ አልኩለት። ይኸው በየቀኑ እልለታለሁ።»

«አዴ…» አልኩ። «ለምን እሳቸውን ገብተው አልጠየቁም?»

«ጠይቄ ሌላ ነገር ቢሉኝስ? ከጠሩት አለ ማለት ነው። የሞተ ሰው በሰልፍ ላይ አይጠራም።»

ሁለቱ በአንድ ግንብ ግራና ቀኝ ቆመው ዘጠኝ ዓመት ተጠባበቁ። ሃምሳ አለቃ እናቲቱ ስለመለሱ ልጁ አለ አሉ፤ እናቲቱ እሳቸው ስለጠሩ ልጄ አለ አሉ። አንዳቸው ዐሥር እርምጃ ቢራመዱ ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። በሁለቱም ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ አዘንኩላቸው። እፎይም አልኩ፤ ያ ድምፅ የአዴ ሎሚ ነበራ፣ የሰው ነበር።

እፎይታዬ አልቆየም።

«በክረምቱስ?» አልኳቸው። «ቤት ሲተኙስ እንዴት አደረጉ?»

«ያኔማ ምን አደርጋለሁ! ማን ይመልስለት ይሆን እያልኩ ሳለቅስ ከረምኩ።»

ያ የነሐሴ ጭቃ ዓይኔ ላይ መጣ። አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም።

«ሰውዬው ከሞቱ» አሉኝ ሊሄዱ ሲሉ፤ እኔ ሞቱ አላልኩም፣ ከፊቴ ነው ያነበቡት፤ «አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ነገ አንቺ ጥሪው። ልጄ እንዳይቀርብኝ።»

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። መጥራት እችል ነበር እኮ። በየማለዳው አንዴ ስሙን ብጠራላቸው አንድ አሮጊት እስኪሞቱ ድረስ ልጅ ይኖራቸዋል። ማን ይጎዳል? ግን ሃምሳ አለቃም እንዲሁ ብለው ነው የጀመሩት። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። አዴ ሎሚ እፊቴ ቆመው አፋቸውን ዘግተው እያለ ከግንቡ ወዲያ ቢመልስልኝስ?

ለኦቦ ቶሎሳ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ።

«ሃያ ዓመት ያለፈው መርዶ ለማን ይጠቅማል?» አሉኝ።

«ለሚያለቅስ ሰው ነዋ!» ጮኽኩባቸው። ሽማግሌ ላይ መጮኼ አሁንም ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አደረጉና የአዴ ሎሚን የንስሐ አባት ፍለጋ ወጡ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ እንደ ደንቡ ሄድን። ቄሱ፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ አምስት ጎረቤቶች፣ ማታውን የተነገራቸው የአዴ ሎሚ ሁለት ሴት ልጆች፣ እኔ። ሜዳው በሙሉ ጉም ነበር፤ ቤቱን ያገኘነው የአህያዋን ደወል ተከትለን ነው። አዴ ሎሚ ደጃቸው ላይ ወተቱን እየጫኑ ነበር። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ የሚመጣበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ባለ አገር ይህን አያጣውም። የያዙትን ገመድ ለቀቁ።

«አዴ፣ እስቲ ይቀመጡ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

አልተቀመጡም። የሚያዩት እጄ ላይ ያለውን ነው።

«ደብተራቸው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከመናገራችሁ በፊት ጥሪው። ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እንደሳቸው።» ከዚያ ጨመሩ፦ «እኔ አልመልስም።»

ቄሱን አየሁ። አንገታቸውን ደፉ። ገጹን ገለጥኩ።

መቶ አለቃ ማንያዘዋል አልኩ። ሦስት ትንፋሽ ጠበቅኩ። ምክትል አስር አለቃ በላይ። ሻለቃ ሰላሙ። አስር አለቃ ኩማ ስል ኦቦ ቶሎሳ ያን ጊዜ ይመቱት የነበረውን ጉልበታቸውን በእጃቸው ጨብጠው ያዙ። እነዚያን ስሞች በሳቅ ብቻ የማውቃቸው እኔ፣ አንድ በአንድ፣ ለጉሙ ሰጠኋቸው። ሠላሳ ሰባቱ አለቁ።

አዴ ሎሚ ሁለት እጃቸውን አንሥተው አፋቸው ላይ ከደኑ። ጣቶቻቸው ጉንጫቸው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ጫኑት። ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ ሳያስቡት እንዳይመልስ ነው።

«ወታደር ሻምበል ጉታ!»

አንድ ትንፋሽ። ሁለት። ቀና ብዬ ወደ ሜዳው እያዳመጥኩ ነበር። እንዳይመልስ ፈራሁ፤ እንዲመልስም ተመኘሁ፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ። ሦስት። ከሦስት አልፌ ጠበቅኩ፣ ሃምሳ አለቃ ለሱ እንደሚያደርጉት። አህያዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ሜዳው ዝም አለ።

አዴ ሎሚ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱ።

«ልጄ ሲጠሩት ዝም የሚል ልጅ አልነበረም» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጮኹ።